የጾመኛው ጅብ ዋስ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ከሌላው ዓመት ሁሉ በከፋበት ዘመን፣ እንስሳት ልጆቻቸውን የሚያኖሩበት አንድ ትልቅ በረት ነበር። እናቶች ሣር ፍለጋ ወደ ሩቅ መስክ ሲሰማሩ ጥጃውም፣ ግልገሉም፣ ጠቦቱም እዚያ ይውላል፣ እዚያ ያድራል። በረቱ በእሾህ ታጥሯል፤ ደጁም በወፍራም ግንድ ይዘጋል። ውኃ የሚቀዱ፣ ገለባ የሚያቀርቡ፣ ሕፃናቱን የሚጠብቁ ሠራተኞች በየበጋው ይቀጠራሉ። የተቀጠረ ሁሉ ከነልጁ አጥር ውስጥ ያድራል። በዚያ በጋ ከአጥር ውጭ ማደር ሞትን ተኝቶ መጠበቅ ነበር፤ አውሬው ሁሉ ተርቧልና።

በፊተኛው ዓመት ነብር በዘበኝነት ተቀጥሮ ነበር። ማን እንደቀጠረው እስከ ዛሬ ድረስ የሚናገር የለም። የሆነውን ግን ሁሉም ያውቃል፤ ዝናቡ ሳይገባ የበረቱ እኩሌታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ አያ አንበሶ አዋጅ አስነገረ።

«ከእንግዲህ ሥጋ የሚበላ በበረቱ አይቀጠር! ሥራ የሚለምን ሁሉ መጀመሪያ አፉን ይክፈት፣ ጥርሱ ይታይ፣ የሚበላው ይጣራ። ሳያጣራ የሚቀጥር ወዮለት!»

መልካም አዋጅ ነበር። ማንም ተቀምጦ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ አያወጣም። ክፋቱ እንዲያጣራ የተሾመው ቀበሮ መሆኑ ነው። ለምን ቀበሮ? ምላሱ ስለሚጣፍጥ ነዋ! በንጉሡ ፊት ቆሞ «እኔ ካጣራሁ ዝንብ አታልፍም» አለ፤ ንጉሡም አመነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከበረቱ ደጅ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጅራቱን ጠቅልሎ ተቀመጠ። ሥራ ፈላጊ ሁሉ ፊቱ ይቆማል፤ እሱም «አፍ ክፈት» ይላል። የሌላውን ጥርስ የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ የእሱን ጥርስ ለማየት ያሰበ አልነበረም።

አንድ ጧት እመት አህዪት ወደዚህ ደጅ መጣች። የመጣችው ከቆላ፣ ከጨው መንገድ ነው። አገሯ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ደርቆባት፣ ገና ጡት ያልጣለች ውርንጭላዋን አስከትላ ብዙ ተጉዛለች። ሰኮናዋ ተሰነጣጥቋል፤ የጎድን አጥንቷ ይታያል። ግን ጀርባዋ ጀርባ ነው፤ ሥራ የሚያውቅ ዓይን አንድ ጊዜ ካየው አይስተውም።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ቀበሮ» አለች አንገቷን ዝቅ አድርጋ።

«ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«ሥራ፣ ጌታዬ። ውኃ መቅዳት እችላለሁ፤ ጭነት እችላለሁ። እኔ ደጅም ባድር ግድ የለኝም፤ ይቺን ልጄን ብቻ ከአጥር ውስጥ ባስገባት ብዬ ነው።»

«አፍ ክፈቺ።»

ከፈተች። ቀበሮ አንገቱን አስግጎ አየ። ወደ ግራ ዞሮ አየ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ አየ፤ ከዚያም ፊቱን አኮማተረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥርስ ነዋ!»

«ጥርስነቱንማ አየሁ። ከላይ ምን ይሠራል? ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም። በግ የለውም፤ ፍየል የላትም። አንቺ ግን ከላይም ከታችም ደርድረሻል። ሣር ለሚበላ ይሄ ሁሉ ጥርስ ምን ያደርግለታል?»

«የአህያ ዘር ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ። ፈረስም በቅሎም እንዲሁ ናቸው። ከተፈጠርን ጀምሮ ሣር የምንግጥበት ነው።»

«እሱን ያልሽው አንቺ ነሽ። አነጋገርሽም የዚህ አገር አይደለም። እዚህ ማን ያውቅሻል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዋስ አምጪ። 'ይቺ አህያ ሥጋ አትበላም፤ ስትበላ ብትገኝ እኔ ልያዝ' የሚል። አዋጅ ነው።»

ውሸቱን ነው። አዋጁ አፍ ይከፈት፣ የሚበላው ይጣራ አለ እንጂ ዋስ አላለም። ዋሱን የጨመራት ቀበሮ ራሱ ነው፤ ምክንያቱም የሚበላውን ለማጣራት ከድንጋዩ መነሣት፣ መስክ ድረስ መሄድ፣ ሥራ ፈላጊው ሲግጥ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ዋስ ግን እሱ እንደተቀመጠ ይመጣል። ጥፋት ቢደርስም የሚጠየቀው ዋሱ ነው።

የእመት አህዪት ደም ፈላ። አህያ ሥጋ ስትበላ ያየ በየትኛው አገር አለ? ቢሆንም ውርንጭላዋን አየት አደረገችና ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ዋስ ፍለጋ ሄደች።

መጀመሪያ ያገኘችው ከደጁ ቆማ ስታይ የነበረችውን እመት ፍየልን ነው። በዚያኑ ዕለት ማለዳ ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ ቁጥቋጦ ሲበሉ ነበር።

«እመት ፍየል፣ ምን እንደምበላ አይተሻል። እባክሽ ዋስ ሁኚኝ።»

«አየሁ እንጂ! እንዴት አላይም?» አለች ፍየል ቅጠሏን እያላመጠች። «ግን የልጆች እናት ነኝ፣ እኅቴ። እባክሽ ከነገር አታነካኪኝ። ሥራውን ብታገኚ ግን እንዴት ደስ ይለኝ መሰለሽ!»

ከፍየል ወደ አያ ኮርማ ሄደች። አያ ኮርማ ደረተ ሰፊ፣ ቀንደ ወፍራም ነው፤ ሲያገሳ ሜዳው ይናወጣል። ትናንት በውኃ ጥም ወድቆ ሊቀር ሲል ከሩቁ ገደል ሥር ያለውን ምንጭ ያሳየችው እሷ ናት። ገና በረት ያልገባውን ቀይ ጥጃውንም በአፍንጫዋ እየገፋች እስከ ውኃው ያደረሰችው እሷው ናት።

«አያ ኮርማ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንህ። 'አውቃታለሁ' በልልኝ።»

አያ ኮርማ መሬቱን በሰኮናው ጫር ጫር አደረገ።

«መልካም ሴት ትመስያለሽ። ግን ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ከትናንት በፊት አላውቅሽም እኮ! ነገ አንድ ነገር ብታደርጊ በማን ላይ ሊመጣ ነው? በእኔ ላይ። ተይኝ፣ እመት አህዪት።»

ተወችው። በየዛፉ ሥር፣ በየጥላው ዞረች። የሚያዝንላት ሞልቷል፤ የሚያምናትም አልጠፋም። አፉን ከፍቶ አንድ ቃል የሚናገርላት ግን ጠፋ። ማዘን ምንም አያስከፍልማ!

በማግሥቱ ጧት ባዶ እጇን ወደ ቀበሮ ተመለሰች። ገና አፏን ሳትከፍት በደጁ ጫጫታ ተነሣ። አያ ጅቦ መጣ።

ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነው። ጅብ አንገቱን ሰብሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ንፍሮ የሞላች ቅል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይራመዳል። በየእርምጃው ይቃትታል። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። ከበረቱ ውስጥ አንድ ግልገል ጮኸ። ጅብም ቀና ብሎ አየና ለሃጩ ተንጠባጠበ።

«የጾም ድካም ነው» አለ ቶሎ ብሎ፤ አፉንም በእጁ ጠረገ።

ተንኮል የሚያውቅ ሆኖ አይደለም፤ ጅብ መቼ ተንኮል ያውቃል! የሚያውቀው ሆዱን ነው። ሆዱ ደግሞ በረቱን ከሩቅ አሽትቶ መጥቷል። ይሄን ለማየት የቀበሮ ዓይን አያስፈልግም ነበር፤ ለማየት የሚፈልግ ዓይን ይበቃል።

«አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ፣ «ሥራ ፈልገህ ነው?»

«ዘበኛ ልሁን ብዬ ነው።»

«ሥጋ ትበላለህ?»

«እኔ? በሁዳዴ? ምን ነካህ!»

«እንግዲያው አፍህን ክፈት።»

«ገና ቅዳሴ ሳይወጣ? በጾም ሰዓት አፍ ክፈት ትለኛለህ?»

የተሰበሰበው ሁሉ አጉረመረመ። እመት ፍየልም «እውነቱን ነው! ጾመኛን አፍ ክፈት ማለት ነውር አይደለም እንዴ?» አለች። ትናንት ቀበሮ የአህያዋን አፍ ሲያስከፍት ቆማ ያየች ይቺው ፍየል ናት። ያን ጊዜ ነውር አልታያትም።

«ደግ» አለ ቀበሮ። «ሥጋ አይበላም፤ በጆሮአችን ሰምተናል። ዋስ አለህ?»

ጅብ ዘወር ብሎ የቆመውን ሁሉ አየ። ዓይኑ አያ ኮርማ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጎረቤቴ ያውቀኛል። አያ ኮርማ፣ አታውቀኝም እንዴ?»

የጅብ ዋሻ አያ ኮርማ ከሚግጥበት መስክ አፋፍ ላይ ነው። እምቢ ቢል ጅቡ ነገ በዚያው በኩል ወደ መስኩ ይወርድበታል።

«አ... አውቀዋለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ዋሱ ነኝ።»

እመት አህዪት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ውኃ ላሳየችው፣ ልጁን ላዳነችለት ትናንት «አላውቅሽም» ያለ ኮርማ፣ ዛሬ ለጅብ ዋስ ሆነ! የሚፈራውን አወቀው፣ የማይፈራውን አላወቀውም። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ፋሲካ ሲመጣስ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ዛሬ አይበላም፤ እሺ፣ ጾም ነው። ጾሙ ሲፈታ ምን ሊበላ ነው? ገለባ ሊበላ ነው? ይሄን የሚጠይቅ አንድ እንኳ የለም?»

«አንቺ ስለራስሽ ጥርስ አስቢ!» አለ ቀበሮ።

«ጾመኛ መጠርጠር ኃጢአት ነው» አለች ፍየል።

ግንዱ ተነሣ። ጅብ ንፍሮውን እያንቋቋ ጥጆቹና ግልገሎቹ ወዳሉበት ገባ። ግንዱም ተመልሶ ተዘጋ።

የተሰበሰበው ሲበተን ቀበሮ አህያዋን ወደ ድንጋዩ ጠጋ አድርጎ ጠራት። ድምፁ አሁን ለስለስ ብሏል።

«እዪ እመት አህዪት፣ አልቀጥርሽም። ያለ ዋስ መቅጠር አልችልም። ግን በረቱ ውኃ ቀጂ ቸግሮታል። ዋስ እስክታገኚ ድረስ ከገደሉ ውኃ እየቀዳሽ ታመጫለሽ። ማደሪያሽ ከአጥር ውጭ ነው። በዋስ ፈንታ ደግሞ ልጅሽን ታስይዣለሽ፤ ከውስጥ ትሆናለች።»

«ሳልቀጠር ልሥራ?»

«እንዲያ ነው።»

«ሕጉ ያልተጣራ አይቀጠር ይል የለም?»

«አልቀጠርኩሽም አልኩሽ እኮ!» አለ ቀበሮ፤ እያሾፈ አልነበረም። የምር ንጹሕ የሆነ መስሎታል።

ለመቅጠር ዋስ ያስፈልጋል፤ ለማሠራት ግን ጀርባ ይበቃል። ልጄን ወስጄ ልሂድ ብላ ዞረች። ከኮረብታው ላይ ነብር ተጋድሞ ቁልቁል ያያታል። ውርንጭላዋ ቀጭን እግሮቿ እየተብረከረኩ ጎኗ ተለጥፋለች። ከአጥሩ ውጭ ነብር፣ ከአጥሩ ውስጥ ጅብ። ቢያንስ የውስጡ ጾመኛ ነኝ ብሏል። ፋሲካ እስኪደርስ ዋስ አገኝ ይሆናል ብላ ልጅዋን አስገባች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። በግራና በቀኝ እንስራ ተጭኖባት ገደሉን ትወርዳለች፤ ሞልታ ትወጣለች። ጥጃው የሚጠጣው፣ ግልገሉ የሚጠጣው፣ ቀበሮ ራሱ ከምሳ በኋላ አፉን የሚጉመጠመጥበት ውኃ የእሷ ነው። የተቀጠሩት ከጥላ ሥር ያንጎላጃሉ፤ ያልተቀጠረችው ትሠራለች። ባለፈች ቁጥር በእሾሁ መካከል ትጠራለች።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ።»

ይቺን ሰምታ ትሄዳለች። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የልጅዋ ድምፅ እየቀጠነ መጣ። የጾሙ መጨረሻ ሳምንት ላይ ውርንጭላዋ አፍንጫዋን በአጥሩ ቀዳዳ አውጥታ በሹክሹክታ ተናገረች።

«እማዬ፣ አያ ጅቦ ሁልጊዜ ያሸተኛል። የአያ ኮርማን ጥጃም ያሸተዋል። ጎናችንን እየዳበሰ 'እናንተ ለበዓሉ ትደርሳላችሁ' ይለናል። ምን ማለቱ ነው?»

እመት አህዪት እንስራዎቿን እንደተሸከመች ወደ ቀበሮ በረረች።

«ጅቡ እንደገና ይጣራ! አፉ ይከፈት! ልጆቹን እያሸተተ ነው!»

«አንዴ ተጣርቷል» አለ ቀበሮ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የተጣራ ድጋሚ አይጣራም።»

«መቼ ተጣራ? ዋስ ጠራ እንጂ መቼ ተጣራ?»

ያን ጊዜ ቀበሮ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ስሚ። ዋስ ሳይኖራት በንጉሡ በረት የምትሠራ አህያ አንድ ብቻ ናት። እሷም አንቺ ነሽ። ብዙ ከለፈለፍሽ አዋጅ በማፍረስ አስይዝሻለሁ። ያን ጊዜ ልጅሽም እዚሁ ቀረች ማለት ነው። ውኃሽን ቅጂ።»

ጥርሷን ነክሳ ዞረች። ራሱ ሕጉን አፍርሶ ያሠራታል፤ መልሶ በዚያው ሕግ ያስፈራራታል! ይሄን የመሰለ ዓይን ያወጣ ነገር ቢፈለግ ይገኛል?

በስቅለት ዕለት አያ ኮርማን ከመስኩ ዳር አገኘችው።

«ዋስነትህን አንሣ» አለችው ያለ ሰላምታ። «'አላውቀውም፣ ፈርቼ ነው' በል። አንተ ካልክ ቀበሮ ማውጣቱ አይቀርም።»

«ምነው እመት አህዪት! የኔም ጥጃ እዚያው አይደለም እንዴ? በገዛ ልጄ ላይ ክፉ አደርጋለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዋስ ሆንከው?»

አያ ኮርማ ያን ትልቅ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። «ፈርቼ» አለ።

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ፋሲካ ባተ። ዶሮ ጮኸ፤ ሰማዩ ከወደ ምሥራቅ ነጣ። እመት አህዪት እንስራዎቿን ሞልታ ገደሉን ስትወጣ ከበረቱ በኩል የጥጃ ጩኸት ሰማች። አንድ ጊዜ ነው የሰማችው። ሁለተኛ አልጮኸም።

ሮጠች። እንስራዎቹ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተሙ ተሰባበሩ፤ ውኃው በጎኗ ወረደ። በደጁ ስትደርስ የተቀጠሩት ዘበኞች እየተጋፉ ሲሸሹ አገኘቻቸው። ቀበሮ ከድንጋዩ ላይ የለም። ዞራ ግንዱን በሁለት የኋላ እግሯ ስትመታው ተገነጠለ።

ያ ለጾም ሲባል ያልተከፈተ አፍ ከግንባር እስከ ጉሮሮ ተከፍቷል። ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ ማንም ሊያየው ይችላል። ከአያ ኮርማ ቀይ ጥጃ የቀረው ሰኮና ብቻ ነው። የእሷ ውርንጭላ ከማዕዘኑ ተለጥፋለች፤ አንድ ጆሮዋ ተገምሶ ደሟ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ጅብ ሊደግማት እየተጠጋ ነው።

እመት አህዪት ጀርባዋን ሰጠችውና ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችውን ንዴት በሁለት ሰኮናዋ መንጋጋው ላይ አወረደችው። ጥርሶቹ እንደ ጠጠር ተበተኑ። ጅብ አጥሩን ጥሶ ወጣ፤ እየሸሸም ይጮሃል።

«ፋሲካ ነው እኮ! ጾም ተፈታ እኮ! ምን አጠፋሁ?»

የሚገርመው የምሩን ነበር። ቃሉን አላጠፈም። በጾም አልበላም አለ፤ አልበላም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ከአንዲት አህያ በቀር የጠየቀ አልነበረም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አያ አንበሶ ደረሰ። እናቶቹ ከየመስኩ ተሰበሰቡ። ቀበሮ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከንጉሡ ፊት ተገኘ፤ አፉን ጠራርጓል፤ ድምፁም ሐዘን ሐዘን ይላል።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ። ጅብ ዋስ ነበረው። ዋሱ ይያዝ! ደግሞም ይቺ አህያ ሳትቀጠር በበረቱ ስትሠራ ተገኝታለች፤ ደጅ ሰብራለች፣ እንስራ ሰብራለች። እሷም ትያዝ!»

አያ ኮርማን ያዙት። አልታገለም። የልጁን ሰኮና እያሸተተ ያለቅሳል፤ ልጁን ለበላበት ጅብ ዋስ ሆነሃል ተብሎ በገመድ ታሰረ። ቀጥሎ ወደ አህያዋ ሲመጡ ግን «ቁሙ!» አለች። ያን የመሰለ ድምፅ ከእሷ የሰማ አልነበረም።

«ሳትቀጠር ሠራች ነው የምትለው? ያሠራኝ ማን ነው? ልጄን ያስያዘኝስ ማን ነው? ስማ ቀበሮ!» አለች፤ አያም ጌታዬም ጠፋ። «ሣር የምበላውን እኔን አፌን አስከፍተህ በጥርሴ አላገጥክብኝ። የጅብን አፍ ግን ቆመህ ማየት ፈራህ። ይሄን ሁሉ ፋሲካ ሳይደርስ ነግሬሃለሁ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል! ይጣራ ካላችሁ አሁን ይጣራ። ከዚህ ይጀመር።» ወደ ቀበሮ ተጠጋች። «አፍህን ክፈት!»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እኔ አጣሪ ነኝ እንጂ ተጣሪ አይደለሁም!»

«በዚህ በረት ትሠራ የለም? አዋጁ 'ከቀበሮ በቀር' ይላል?»

አያ አንበሶ አሰበና «አይልም» አለ። «ክፈት።»

«ንጉሥ ሆይ... እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ...»

«ጾሙማ ተፈታ!» አለች እመት ፍየል ሳታስበው።

ሌላ መውጫ አልነበረም። ቀበሮ አፉን ከፈተ። የሾሉ ጥርሶቹ እንደሌላው ቀን ሁሉ እዚያው ነበሩ፤ ሥጋ በል መሆኑን ማንም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። በሁለቱ ጥርሶቹ መካከል ደግሞ ቀይ የጥጃ ፀጉር ተሰክቷል። ጅብ ሲፈስክ አጣሪው ድርሻውን ወስዶ ኖሯል።

አያ ኮርማ ፀጉሩን አወቀው። ገመዱ እንደ ክር ተበጠሰ። ያ በፍርሃት ቀጥኖ የነበረ ድምፅ ሜዳውን አናወጠው፤ ቀበሮም ከቀንዱ ላይ ተነሥቶ ድንጋዩን አልፎ ወደቀ። በሕይወት ተርፏል፤ እያነከሰ ሸሸ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ወደ በረት ደጅ ብቅ አይልም። ጥጃው ግን በዚህ ሁሉ አልተመለሰም።

ሁሉም ዘወር ብሎ ወደ አያ አንበሶ አየ። አንበሳም የሚያዩት አፉን መሆኑ ሲገባው ከንፈሩን ጠበቅ አድርጎ ገጠመ። በአፍንጫው ነው የተናገረው።

«እመት አህዪት፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቀጥረሻል።»

«ዋሷ እኔ ነኝ!» አለ አያ ኮርማ እያነባ።

«እኔም! እኔም ዋሷ ነኝ!» አለች እመት ፍየል።

አህያዋ ሁሉንም አየቻቸው። ንዴቷ አልበረደም፤ መቼም የሚበርድ አይመስልም ነበር።

«አሁን?» አለች። «ጅብ ከሄደ፣ ቀበሮ ከተወጋ በኋላ? አያ ኮርማ፣ ያን ጊዜ 'አውቃታለሁ' ብትልልኝ ኖሮ ከአጥር ውስጥ ሆኜ እጠብቀው ነበር፤ ልጅህም ዛሬ ይጠባ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ጅብ ዝም ብትል እንኳ ይበቃኝ ነበር። እመት ፍየል፣ አንቺም ከአንድ ቁጥቋጦ አብረን በልተን ያየሽውን መናገር ፈራሽ። ዛሬ የሚያስፈራ ነገር ሲጠፋ ሁላችሁ ዋስ ሆናችሁ! አልፈልግም። ዋሳችሁን አልፈልግም፣ አጥራችሁንም አልፈልግም።»

ጆሮዋ የተገመሰባትን ልጅዋን በአፍንጫዋ ወደ ፊት ገፋ አደረገችና ወደ ገደሉ፣ ወደ ምንጩ ወረደች። ያስቆማት አልነበረም። ከኮረብታው ላይ ያለው ነብርም የጅብን መንጋጋ የሰበረውን ሰኮና አይቷልና አልወረደም።

ቀትር ሲሆን ግልገሎቹ በጥም ይጮሁ ጀመር። እንስራው ተሰብሯል፤ የሚቀዳም የለም። እናቶቹ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያም ፍየሏ፣ በጓ፣ ላሟ ልጆቻቸውን እየነዱ አንድ በአንድ የአህያዋን ዱካ ተከትለው ወረዱ። በመጨረሻ አያ ኮርማ ብቻውን ወረደ።

እመት አህዪት ከምንጩ አፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሂዱ አላለቻቸውም፤ ግቡም አላለቻቸውም። መጀመሪያ የራሷን አፍ ከፍታ ከላይም ከታችም የተደረደሩትን ጥርሶቿን ለሁሉም አሳየች። ቀጥላ «ክፈቱ» አለች። ከፈቱ፤ ኮርማውም፣ ፍየሏም፣ ትልቁም ትንሹም። ከዚያ በኋላ በጾምም ሆነ በፍስክ፣ የመጣ ሁሉ አፉን ሳይከፍት ወደዚያ ውኃ አልቀረበም። ዋስ አለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ግን አንድም አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሥራ በሚቀጠር ሁሉ ላይ ሊጣራ የሚገባው ማን ያውቀዋል የሚለው ሳይሆን ራሱ ምን እንደሆነ ነውና፣ ደካማውን በዋስ እያስጨነቁ ኃይለኛውን በፍርሃትና በይሉኝታ የሚያሳልፉ ሁሉ ለአውሬው ደጅ የሚከፍቱት በገዛ ልጆቻቸው ላይ መሆኑን ነው።